ጭራ የሌለው በሬ

የእጅ ማረጋገጫ ቢሮ በሩን የሚከፍተው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። ሰልፉ ግን ከአስራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ተይዟል። የሚሰለፉት ሰዓሊዎች ናቸው። ሁሉም የቀኝ እጅጌያቸውን እስከ ክርን ሰብስበው፣ መዳፋቸውን ወደ መሬት ዘቅዝቀው፣ እጃቸው ምን ያህል እንደሚንቀጠቀጥ ያያሉ። ደህና አድርጎ የሚንቀጠቀጥለት ሰው ፊቱ ይፈካል። እምቢ ያለው መንገዱን ተሻግሮ ካፌ ይገባና አንድ ማኪያቶ ጨምሮበት ይመለሳል። ሁለት ጀሪካን ውሃ ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ የሚወርድም አለ። አንድ ሽማግሌ ሰዓሊ ግን ምንም አያደርጉም፤ በእርጅናቸው ብቻ ይንቀጠቀጣሉ፣ ወጣቶቹም በቅናት ያዩዋቸዋል።

እንዳሻው ስድስት ማኪያቶ ጠጥቷል። ልቡ እንደ ድሮ ባጃጅ ይንደቀደቃል። እጁ ጋ ግን ወፍ የለም።

«ይሄ እጅ ነው የበር እጀታ?» አለችው ከኋላው የቆመችው ረድኤት። ረድኤት ሥዕል ትምህርት ቤት የተማረች ናት፤ ሞሉ ውስጥ የሚስሉበት የመስታወት ሳጥን ጎን ለጎን ነው።

«ስድስት ነው የጠጣሁት ሬዱ። ሰባተኛውን ብጨምር እጄ ሳይሆን እኔ ነኝ የምወድቀው።»

«እስቲ የሚያስፈራ ነገር አስብ።»

«አስቤያለሁ።»

«ምን?»

«ይሄንን ሰልፍ።»

ደንቡ አጭር ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ሸራ ላይ ሰባት ስህተት ከተገኘ ሥራው የሰው ነው። ከሰባት ካነሰ የማሽን ነው። የማሽን ሥዕል እንደ አሸዋ ነው፤ ታክሲ ወንበር ላይ አለ፣ ሽንት ቤት በር ላይ አለ፣ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሰው ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ ጋለሪ የሚሄደው ስህተት ሊያይ ነው። በር ላይ ማጉያ መነጽር ይሰጠዋል፣ አፍንጫውን ሸራው ላይ ለጥፎ ይፈልጋል፣ ሲያገኝ ሚስቱን ይጠራል። «ነይ! ነይ! እዚህ ጋ ቀለሙ አምልጦታል! ስታምር!» ከዚያ ፎቶ ይነሳሉ፣ ከስህተቷ ጋር።

ሁለት ጊዜ የወደቀ ሰዓሊ ሦስተኛ ዕድል አለው። ሦስት ጊዜ የወደቀ እጅ ግን ማሽን ተብሎ ይመዘገባል። ማሽን ደግሞ ባለቤት አለው። የቢሮው መሣሪያ ያ እጅ ከየትኛው ድርጅት ማሽን ጋር እንደሚመሳሰል ይለካል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁ የዚያ ድርጅት ዕቃ ነው። ጎፋ አካባቢ ዳግም የሚባል ሰዓሊ እንዲህ ሆኗል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ድርጅቱ መጋዘን ይገባል፣ አስራ አንድ ሰዓት ይወጣል። አንድ ቀን የልጁ ትምህርት ቤት ቅጽ ላይ ፈረመ። በሳምንቱ የድርጅቱ ጠበቃ ቤቱ መጣ፤ ፊርማው ያለፈቃድ የተሠራ ምርት ነው አለው። ዳግም አሁን ልጁን በግራ እጁ ነው የሚያቅፈው። በቀኙ ማቀፍ ክልክል ስለሆነ አይደለም። ግራ ስለገባው ነው።

እንዳሻው ሁለት ጊዜ ወድቋል። ዛሬ ሰኞ ሦስተኛው ነው።

ይባስ ብሎ ቅዳሜ የመጀመሪያ ኤግዚቢሽኑ ነው። ለብቻው። ሀያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከታፔላ በስተቀር ስሙ የትም ተጽፎ የማያውቅ ልጅ፣ ግድግዳ ላይ ስሙ በትልቁ ሊጻፍ ነው፤ ቢሮው የሰው እጅ የሚለውን ካርዱን ካደሰለት። የጋለሪዋ ባለቤት ለካታሎጉ ስትጠይቀው «ስቃይህ ምንድነው?» አለችው። «ጫማዬ ይጠበኛል» አላት። እያሾፈ ነበር። እሷ ግን በቁም ነገር ጻፈችው። ካታሎጉ ሲወጣ «በጠበበ ዘመን ውስጥ የሚራመድ አርቲስት» ይላል።

የእንዳሻው እጅ ለምን አይንቀጠቀጥም? የጋሽ ወርዶፋ ሥራ ነው።

ጋሽ ወርዶፋ አውቶቡስ ተራ አካባቢ አርባ ዓመት ታፔላ የጻፉ ሰው ናቸው። የልኳንዳ ቤት በሬ፣ የፀጉር ቤት ጭንቅላት፣ የልብስ ሰፊ መቀስ። ያ ሰፈር ውስጥ ከሳቸው እጅ ያልወጣ በሬ አልነበረም። እንዳሻው ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ደግሞ ሲሰለቸው እሳቸው ጋ ገባ። ዘጠኝ ዓመት። መስመር በተንቀጠቀጠ ቁጥር በብሩሽ እጀታ ጣቱን ይሉታል፣ ጧ! በአራተኛው ዓመት ጣቱ መስመር መሳት ረሳ። ጠላቱን እየሰደበ፣ ሳንድዊች እየበላ፣ መሰላል ላይ በአንድ እግሩ ቆሞ ቀጥ ያለ መስመር ያወርዳል።

ጋሽ ወርዶፋ አንድ ጠባይ ነበራቸው። ታፔላ ጨርሰው አይሰቅሉም። በሬው ያለ ጭራ ይሰቀላል፣ ፀጉር ቤቱ ጭንቅላት አንድ ጆሮ ይጎድለዋል። ቤቱ የተከፈተ ቀን ባለቤቱ ታፔላው ፊት ይቆማል፣ ጋሽ ወርዶፋም መሰላል ላይ ወጥተው ጭራዋን ይቀጥላሉ፣ ሰው ያጨበጭባል። ለምን እንደሆነ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። እንዳሻው አንዴ ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፣ ጧ!

ሞል ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሰዓሊዎች በመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው የሚሠሩት። ሥራው በእጅ መሠራቱን ሰው እንዲያይ ነው። እጃቸው ላይ ሰማያዊ አምባር አለ፤ እያንዳንዷን ጭረት ይመዘግባል፣ ልምምዱንም ጭምር። ሰው ቺፕስ እየበላ ያያቸዋል። ሕፃናት መስታወቱን ይደበድባሉ። ሰዓሊው ቀና ብሎ ፈገግ ካለ ደግሞ ይደሰታሉ፣ ልክ ዝንጀሮ እንዳዩ።

ረድኤት ስህተት ልታስተምረው ሞከረች።

«ስትስል የሚያናድድህን ሰው አስብ» አለችው በመስታወቱ ቀዳዳ።

«አንቺን እያየሁ አይደል የምስለው? አልሠራም።»

«ባለጌ። እሺ አስነጥስ።»

አስነጠሰ። መስመሩ ንቅንቅ አላለም።

«ኧረ አንተ ሰው ነህ?»

«እሱን እኮ ነው ቢሮው የሚጠይቀኝ።»

በመጨረሻ አንድ ዘዴ አገኘ። የረድኤትን ሥዕሎች አየ፣ ስህተቶቿን ለቀመ። ቀንዱ ሥር የምትንጠባጠብ ጠብታ። ጆሮው ጋ የምታመልጥ መስመር። ሸሆናው ላይ የምትደፈርስ ጥላ። ሰባት መረጠና እንደ ፊደል ቆጠራቸው። ሀ፣ ሁ፣ ሂ። በየቀኑ አንድ በሬ፣ በየቀኑ ሰባት ስህተት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሀያ አንድ በሬ ሳለ። በሀያ አንደኛው ቀን ረድኤት አይታ አጨበጨበች።

«ይሄ ነው! አሁን ሰው ሆንክ!»

ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። አዳራሹ ነጭ ነው፣ መሀል ላይ ሸራ ቆሟል። ፈታኟ ወይዘሮ ፍሬሰላም ይባላሉ፤ ቀና ብለው አያዩም፣ ማስቲካ ያላምጣሉ፣ ጣታቸው ስልካቸው ላይ ነው።

«ስም።»

«እንዳሻው ብርቄ።»

«ስንተኛህ ነው?»

«ሦስተኛ።»

ቀና አሉ። ያኔ ብቻ።

«በርታ እንግዲህ» አሉት። በርታ ሲሉት ግን ድምፃቸው አስከሬን እንደሚሸኝ ሰው ነበር።

እንዳሻው በሬውን ሳለው። አርባ ደቂቃ ፈጀበት። ቀንድ፣ ጠብታ። ጆሮ፣ ያመለጠች መስመር። ሻኛ፣ ሆድ፣ ሸሆና፣ የደፈረሰች ጥላ። ሰባቱንም አስቀመጠ። ብሩሹን አነሳና ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ። ላቡን እንኳ አልጠረገም፣ ላብ ነጥብ ይጨምራል ብለውታል።

«ጨርሻለሁ።»

መሣሪያው ሸራውን ከላይ እስከ ታች ላሰው። ግድግዳው ላይ ጽሑፍ ወጣ። ስህተት፦ ሰባት።

እንዳሻው በእጁ ጡጫ ሠርቶ «በቃ!» አለ።

ጽሑፉ ግን ቀጠለ። ከአምባሩ የተገኙ ሀያ አንድ ልምምዶች ታይተዋል። ሰባቱ ስህተቶች በሁሉም ላይ በቦታ፣ በመጠን፣ በቅርጽ አንድ ናቸው። ልዩነት፦ የለም። የተቀዱ ስህተቶች። ውጤት፦ ማሽን።

ዘጠኝ ዓመት የሠለጠነ እጅ ስህተትንም ቢሆን ሳይሳሳት ነበር የሚሠራው።

«ቆይ፣ ቆይ፣ እትዬ» አለ እንዳሻው። «ሰባት ነው ያለው እኮ! ሰባት አላለም?»

«ብሏል።»

«ታዲያ?»

«ሰው አንድ ስህተት ሀያ ሁለት ጊዜ እኩል አይሳሳትም።»

«እርሶ ይሄ ቢሮ ውስጥ ስንት ዓመት ሠሩ?»

ወይዘሮ ፍሬሰላም ማስቲካቸውን ማላመጥ አቆሙ። ከዚያ ቀጠሉ።

ሌላ ጽሑፍ ወጣ። የሚመሳሰለው ድርጅት፦ ጉንጉን። ዘጠና አራት በመቶ።

«ጉንጉን?» አለ እንዳሻው። «በሕይወቴ ጉንጉን ደጅ ደርሼ አላውቅም!»

ወይዘሮ ፍሬሰላም ስክሪኑን ወደሱ አዞሩለት። የጉንጉን ማሽን ሥዕል የተማረበት ዝርዝር ነበር፤ ከብዙ ሺህ ፎቶዎች መሀል አውቶቡስ ተራ፣ የድሮ ታፔላዎች። በሬ። በሬ። በሬ። ሁሉም የጋሽ ወርዶፋ እጅ። የዛሬ ሀያ ዓመት በሰፈሩ ላይ የምትበር ካሜራ አንድ ሳምንት ስትዞር እንደነበረች እንዳሻው ትዝ አለው። በድንጋይ ሊመታት ሞክሮ ስቷት ነበር። በሕይወቱ ከሳታቸው ጥቂት ነገሮች አንዷ ናት።

«የኔን መምህር ነው የሰረቀው!» አለ። «እኔ ነኝ የሳቸው ተማሪ!»

«ሊሆን ይችላል። ማን ቀድሞ ተመዘገበ ነው ጥያቄው። ማሽኑ ቀድሞሃል።»

ጣታቸውን ማኅተሙ ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ ግድግዳው ቀላ። ሥራው አልተጠናቀቀም። በሬው ጭራ የለውም።

እንዳሻው ዞሮ አየ። እውነትም የለውም። ሳያስበው ነበር ብሩሹን ያነሳው። ዘጠኝ ዓመት የለመደ እጅ ነዋ፤ ባለቤት ፊቱ ከሌለ ጭራው ጋ ሲደርስ በራሱ ይቆማል። ሀያ አንዱም ልምምድ ላይ ጭራ አልነበረም። ረድኤትም አላየችም። ስህተት ስትፈልግ ጭራ ማን ያያል?

«ኤጭ!» አሉ ወይዘሮ ፍሬሰላም። «ሳያልቅ ቅጹ አይዘጋም። አሁን እንዳስቀጥልህ ደግሞ ተመሳሳይ ድርጅት ከተገኘ ወዲያ እያንዳንዷ ጭረት ተወካዩ ባለበት ነው የምትጫረው ይላል ደንቡ። ሐሙስ አራት ሰዓት ና። ጭራህን ቀጥልልኝ፣ እዘጋዋለሁ።»

«ከዘጉት በኋላስ?»

«ከዚያማ የነሱ ነህ» አሉ። «ማለቴ፣ እጅህ።»

ጋሽ ወርዶፋ የሚኖሩት ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ ነው። አሳንሰሩ ሲያናግራቸው ስለማይወዱ ከቤት አይወጡም። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። እንዳሻው ሲገባ በእግር ኮቴው አወቁት።

«አንተ ቀዥቃዣ፣ ዛሬ ምን አጥፍተህ መጣህ?»

«ምንም አላጠፋሁም ጋሼ። እሱ ነው ችግሩ።»

ነገራቸው። ሰባቱን ስህተት፣ ጉንጉንን፣ የምትበረውን ካሜራ። እስኪጨርስ ሰሙት።

«እና ያ ማሽን የኔ ተማሪ ነው ማለት ነው?» አሉ።

«ዘጠና አራት በመቶ።»

«አንዴ እንኳ ጣቱን ሳልመታው?»

እንዳሻው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«እጅህን አምጣ።»

ሰጣቸው። በሁለት እጃቸው ያዙት፣ ጣት በጣት ዳሰሱት፣ አንጓውን ጨበጥ አደረጉት፣ ሐኪም የልብ ምት እንደሚያዳምጥ። የሳቸው እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሱ አይንቀጠቀጥም።

«ደህና እጅ ነው» አሉ። «ጭራውን ቀጠልክ?»

«አልቀጠልኩም። ሐሙስ ነው።»

«ባለቤቱ ማነው?»

እንዳሻው ጠጋ ብሎ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ቆይ ለምንድነው ግን ባለቤቱ ሲቆም የምንቀጥለው?» አለ። ከልማድ የተነሳ እጁን ሰብስቦ ነበር።

ጋሽ ወርዶፋ ግን አልመቱትም።

«ለምን ይመስልሃል? አንድ ጊዜ ገና ባልተከፈተ ቤት ሙሉ በሬ ሰቀልኩ። ጠዋት ስመጣ ሌላ ልኳንዳ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። የኔ ነው ባይ ሁለት። ከዚያ ወዲህ የኔ ነው የሚል ሰው ፊቴ ይቁም፣ ፊቱን ልየው፣ ሰፈሩም ይየው፣ ጭራውን እቀጥላለሁ።» ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «እንግዲህ ሐሙስ የኔ ነው የሚል ይቁም። አይተህ ቀጥል።»

ሐሙስ አራት ሰዓት አዳራሹ ሞልቷል። የእጅ ምዝገባ ሲኖር ሰው ለማየት ይመጣል፣ ድሮ ሐራጅ እንደሚታይ። ረድኤት የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ትበላለች። ጉንጉን የላከው ተወካይ ኪሩቤል ይባላል። ነጭ ሱፍ ለብሷል፣ ነጭ ጫማ፤ ሽቶው ከሱ ቀድሞ ነው የገባው። እንዳሻውን ሲያይ እጁን ጨበጠው። ቀኝ እጁን። ጨብጦ ገለበጠው፣ መዳፉን አየው፣ ጀርባውን አየው።

«ደህና ይዘኸዋል ወንድሜ» አለ። «ጭረት የለውም። ሰኞ ሁለት ሰዓት መጋዘን። ጓንት እንሰጥሃለን፣ ከሥራ ውጪ አታወልቀውም።»

«ስበላስ?»

«በግራህ ትለምዳለህ።»

«አፍንጫዬንስ?»

አዳራሹ ሳቀ። ኪሩቤልም ሳቀ፤ ዕቃ ሲያናግረው የመጀመሪያው አይደለም።

ወይዘሮ ፍሬሰላም ቅጹን አነበቡ። ብሩሽና ጥቁር ቀለም ቀረበ። በሬው ሸራው ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ቂጡ ባዶ።

«ቀጥል» አሉት።

እንዳሻው ብሩሹን ነከረ። ከዚያ ቆመ።

«እትዬ፣ በእኛ ሙያ ጭራ የሚቀጠለው ባለቤቱ ሥራው ፊት ሲቆም ነው። ባለቤቱ ይቁምልኝ።»

«እንዲህ የሚል ደንብ የለም።»

«የማይል ደንብስ አለ?»

ወይዘሮ ፍሬሰላም ስልካቸውን ነካ ነካ አደረጉ። የማይልም አልነበረም። ኪሩቤል ግን ቀድሞ ተነስቷል። የአዳራሹ ካሜራ እሱ ላይ መሆኑን አይቷል፣ ክራቫቱን አስተካክሏል።

«ደስ ይለኛል» አለ። «ባህል ነው፣ እናከብራለን።» መድረኩ ላይ ወጣና ሰዉን እያየ ቆመ።

«ወደ ሰዉ አይደለም ጋሼ፣ ወደ በሬው ዞር ይበሉ። ባለቤት ንብረቱን ነው የሚያየው» አለ እንዳሻው። ጋሼ ያለው ሰውዬ በሦስት ዓመት ብቻ ነበር የሚበልጠው።

ኪሩቤል ዞረ።

«ትንሽ ጠጋ። እንደዚያ። የማነው በሬው?»

«የእኛ ነው!»

«ጮክ ይበሉ፣ ሰፈሩ ይስማ።»

«የጉንጉን ነው!» አለ ኪሩቤል ጮክ ብሎ። አንዳንድ ሰው አጨበጨበ።

እንዳሻው ተጠጋ። ያቺ እጅ አልተንቀጠቀጠችም። ከነጩ ኮት ጫፍ በታች፣ ልክ መሀል ላይ ብሩሹን አሳረፈና በአንድ ትንፋሽ አወረደው። ወፈር ብሎ ጀመረ፣ እየቀጠነ ወረደ፣ ጉልበቱ ጋ ሲደርስ ታጠፈ፣ ጫፉ ላይ ጸጉሩን በአምስት ጭረት ፈርፈር አደረገው። የዝሆን ጥርስ በሚመስለው ሱሪ ላይ ዝንብ የሚያባርር የሚመስል ጭራ። አውቶቡስ ተራ አርባ ዓመት እንዲህ ያለ ጭራ አላየም።

መጀመሪያ ረድኤት ጮኸች። ከዚያ ሁሉም።

«ምንድነው? ምን ሆነ?» ኪሩቤል እየዞረ ኋላውን ለማየት ሞከረ። በዞረ ቁጥር ጭራው አብሮት ይዞራል።

መሣሪያው ሸራውን ላሰ። ሰውየውን ላሰ። እንደገና ሸራውን። ግድግዳው ላይ ጽሑፍ ለመውጣት ረጅም ጊዜ ፈጀ። ሥራው ተጠናቋል። ክፍሎቹ ሁለት። ስህተት፦ ሊቆጠር አልተቻለም። ተመሳሳይ፦ የለም። ውጤት፦ የሰው።

ኪሩቤል ሱሪውን በመሐረብ ሊጠርግ ጎንበስ ሲል ወይዘሮ ፍሬሰላም ከወንበራቸው ተነሱ።

«እንዳትነካው! የተመዘገበ ሥራ ነው! ማጠብ፣ መቁረጥ፣ መለያየት ክልክል ነው!»

«ሱሪዬ እኮ ነው!»

«ነበር» አሉ።

የጉንጉን ተወካይ በጥበቃው ካፖርት ተጠቅልሎ፣ በነጭ ጫማው፣ ባዶ ቅልጥሙን ወደ መኪናው ሄደ። እንዳሻው ካርዱን ተቀበለ። ሰማያዊ፣ አዲስ፣ ገና ትኩስ። ሳመው።

ቅዳሜ ጋለሪው ጢም አለ። ሸራው ግድግዳው ላይ፣ ሱሪው አጠገቡ በመስቀያ። ሰው ማጉያ መነጽሩን ይዞ ከሱሪው ኋላ ተሰለፈ። አንድ ሐያሲ «ባለቤትነት ከኋላ ሲታይ» ብሎ አራት ገጽ ጻፈ። የጋለሪዋ ባለቤት እንዳሻውን አቅፋ «ጫማህን እንዳትቀይር» አለችው።

ጋሽ ወርዶፋንም ረድኤት ደግፋ አመጣቻቸው። ጥበቃው ሳያይ በሬውን በጣታቸው ዳሰሱት። ቀንዱን፣ ሻኛውን፣ ወገቡን። ወገቡ መጨረሻ ላይ ጣታቸው ባዶ ሸራ ላይ ቆመ።

«እዚህ ጋ የለም።»

«የለም ጋሼ።»

«ባለቤቱ አልመጣም ማለት ነው» አሉ። እንዳሻው ፈገግ ያሉ መስሎት ነበር፤ እርግጠኛ አይደለም።

ጉንጉን አልከሰሰም። የአዳራሹን ቪዲዮ ወስዶ ማሽኑን አስተማረው። በዘጠነኛው ቀን ሞሉ በር ላይ ሰው ኋላ ላይ ጭራ የሚቀጥል ማሽን ቆመ። ሙሽሮች ጭራ አስቀጠሉ። ተመራቂዎች አስቀጠሉ። ሕፃናት እያለቀሱ ተቀጠለላቸው። እጅ ማረጋገጫ ቢሮ ሰልፍ ላይ ደግሞ ሰዓሊው ሁሉ ብሩሽ ይዞ የፊተኛውን ሰው ሱሪ ያያል። በአስረኛው ቀን በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ከዛሬ ጀምሮ ሰው ላይ ጭራ መቀጠል ስህተት ተብሎ አይቆጠርም። አንድ ዓመት የነበረው የካርድ ዘመንም ወደ ዘጠና ቀን ዝቅ ብሏል።

እንዳሻው ግድ አልሰጠውም። ተንኮል ሞልቶታል። ሸራውን ገልብጦ ጀርባውን ሳለ። ያ አምስት ቀን ቆየ፣ ማሽኑ ያዘው። ቀለም ሳይነክር ደረቅ ብሩሽ አስኬደ። ሦስት ቀን። መስታወት ሳጥኑ ውስጥ ተኝቶ ማንኮራፋቱን ሥራዬ ነው አለ። በማግስቱ ጉንጉን የሚያንኮራፋ ማሽን አወጣ፣ ከሱ በተሻለ የሚያንኮራፋ። አምባሩ እጁ ላይ ነው፤ ገና ሲያስበው አብረውት የሚያስቡ ይመስለው ጀመር። አንድ ጠዋት ብሩሽ አንስቶ ምንም ሳያደርግ ቁጭ አለ፣ ማታ ያንንም ማሽኑ ሲያደርገው አየ።

በመሀል ከአውቶቡስ ተራ አንድ ፀጉር አስተካካይ ደወለለት። አዲስ ቤት ሊከፍት ነው፣ በእጅ የተሠራ ታፔላ ፈልጓል፣ የድሮ ዓይነት። «ካርዴን ላድስና እመጣለሁ» አለው እንዳሻው። ሁለቴ ደወለ፣ ሁለቴ እንደዚያው አለው። ሦስተኛ አልደወለም።

ዘጠናው ቀን ሞላ። ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት፣ ሰልፍ። ሁሉም እጅጌውን ሰብስቦ መዳፉን ያያል። ከካፌዋ ሰው ይገባል ይወጣል። ሽማግሌው ሰዓሊ ዛሬ የሉም። እንዳሻው ቆሞ ዛሬ ምን እንደሚያደርግ ያስባል፣ ምንም የለም። ያላደረገው ነገር አልቀረም። ጉንጉን ከመንገዱ ማዶ አዲስ ቢሮ ከፍቷል። መስኮቱ ላይ ነጭ ጓንት ተደርድሯል፣ በልክ በልክ።

«ኧረ!» አለች ረድኤት ከኋላው። «ስንት ጠጣህ ዛሬ?»

«ምኑን?»

«ማኪያቶ ነዋ። እጅህን እየው!»

ወደ ታች አየ። ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከጣቱ ጫፍ እስከ አንጓው፣ እንደ ቅጠል። በግራው ያዘው፣ ግራውም አብሮ ተንቀጠቀጠ። የፊተኞቹ ሰዎች ዞር ብለው በቅናት አዩት። አንዱ ያፏጨ ነበር፣ አቆመ። በሩን የሚጠብቀው ሰውዬ ከሩቅ አይቶት በጣቱ ጠራው።

«አንተ፣ አዎ አንተ፣ ቅደም። እንደሱ ያለ እጅ ሰልፍ አይጠብቅም።»

«ንገረኛ!» ረድኤት እጅጌውን ጎተተችው። «ስንት ጠጣህ?»

እንዳሻው እጁን እያየ ወደ በሩ ሄደ።

«ምንም አልጠጣሁም» አለ።